ይቺ ምን ቸግሯት?

ባለፈው መስቀል፣ እምድብር፣ እናቴ ቤት፣ ክትፎው ተነሥቶ ቡናው እስኪፈላ ወግ ይዘን ሳለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመዳችን ከሳሎኑ ጥግ ግድግዳ የምትቧጥጠውን ኤሊዬን አየና «ይቺ ምን ቸግሯት? ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች!» አለ። ቤተ ዘመዱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው መጽሐፍ የሚወድ፣ አልፎ አልፎም ስንኝ የሚቋጥር ነውና አባባሉ አምሮለት ደገመው። ቀጥሎም ለልጆቹ መጫወቻ ትሆን ዘንድ ወደ ኮንዶሚኒየሙ፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳው እንዲወስዳት ጠየቀኝ። እናቴ ደስ አላት። እኔ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የተጻፈ መልስ ነው። ለራሴም ጭምር ነው፤ በዚያ አባባል ተከልዬ 12 ዓመት የኖርሁት እኔ ነኝና።

ኤሊዋን ከዋቤ ቆላ ያመጣልኝ አንድ ሹፌር ነበር። ያን ጊዜ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፤ ቅርፊቷ እንደ ነብር ገላ ጥቁርና ቢጫ የተጠቃጠቀ ነው። በጫማ ካርቶን አኖርኋት። ካርቶኑ ሲጠባት ወደ ሳፋ፣ ሳፋው ሲጠባት ወደ ዕቃ ቤት፣ ዕቃ ቤቱን እህል ሲሞላው ወደ ሳሎን ተዛወረች። ዛሬ ርዝመቷ 46 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በቡና ነጋዴ ሚዛን 19 ኪሎ መዝናለች። ዱካ ትገፋለች፣ የከሰል ምድጃ ትገለብጣለች፣ ሌሊት ተነሥታ በሩን በትከሻዋ ትደበድባለች። እናቴ አንድ ሌሊት ተሰናክላባት ለጥቂት ከመውደቅ ተርፋ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ድንጋይ ከእግሬ ሥር አንሣልኝ» አለችኝ። እውነት አላት። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት በገዛ ቤቷ በጨለማ እየዳበሰች የምትሄድበት ምክንያት የለም። ግን ያቺም ድንጋይ አይደለችም። ዕድገቷም ገና አላበቃም። የዚህ ዘር ኤሊ በእኛ አገር 60 ሳንቲ ሜትር አልፎ 40 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በደረቁ ቆላ የሚኖረው ሌላው ዘመዷማ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል፤ በዓለም ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴት ኤሊዎች ቀጥሎ ሦስተኛው ግዙፍ እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ካርቶን ስፈልግላት አላውቅም ነበር ብል ማንም አያምነኝም። ማደጓን አውቅ ነበር፤ ቤት አላት ብዬ ስላሰብሁ ግን አልተጨነቅሁም።

«ቤቷን ተሸክማ» የሚለው ዘይቤ ከወዴት መጣ? ከምንጮቹ አንዱ የኤሶፕ ተረት ነው። ዜውስ ለሠርጉ እንስሳትን ሁሉ ሲጠራ ኤሊ ብቻ ቀረች፤ ለምን ብላ ቢጠይቋት ከቤቷ የሚበልጥባት እንደሌለ ተናገረች፤ እርሱም ተቈጥቶ ቤትሽን እንደ ተሸከምሽ ኑሪ ብሎ ፈረደባት። ተረቱን ያስተዋለ ሰው ነገሩ ቅጣት መሆኑን ያያል። እኛ ቅጣቱን ወስደን ምቾት አደረግነው። በእርሱም ላይ ሌላ ስሕተት ጨመርንበት፤ ቅርፊት ቤት አይደለምና። የኤሊ ጀርባ ከጎድን አጥንቷና ከአከርካሪዋ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ አካል ነው፤ ደም ይዘዋወርበታል፣ ሲነኩት ይሰማታል። ወጥታ የምትገባበት ጎጆ አይደለም። ኤሊ ቤቷን ትሸከማለች የሚል ሰው፣ እኔም የጎድን አጥንቴን ስለተሸከምሁ ቤት አያሻኝም ማለት ይገባው ነበር።

እንግሊዛዊው ጊልበርት ኋይት ይህን ከእኛ በፊት አይቶታል። አክስቱ ስትሞት እ.ኤ.አ. በ1780 የወረሳት ኤሊ ነበረችው፤ በ1789 በታተመው የሰልቦርን መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ያስገረመው ዝናብ አጥብቃ መፍራቷ መሆኑን ጽፏል፤ የተጫነ ጋሪ ቢሄድበት የሚችል ቅርፊት እያላት ጠብታ ስታይ መጠጊያ ትሻለች። ጥሩ አስተዋለ። ነገር ግን ያው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወንድ ናት ብሎ ጢሞቴዎስ እያለ ሲጠራት ኖረ፤ ሴት መሆኗ የታወቀው ከሁለቱም ሞት በኋላ ቅርፊቷ ሲመረመር ነው። እያዩ አለማየት የኔ ብቻ አይደለም ብዬ በዚህ ትንሽ ተጽናናሁ።

ከዚህ የከፋም አለ። ፈረንሳዊው ሁይስማንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የመኳንንት ዘር የምንጣፉ ቀለም እንዲጎላለት ኤሊ ገዝቶ ያመጣል። ምንጣፉ ላይ ስትሄድ የቅርፊቷ ቀለም ያሰበውን ስላልሆነለት በወርቅ ያስለብጣታል፤ አሁንም ስላልበቃው ዕንቍ ያስተክልባታል። ጌጡን አልቻለችውም፣ ሞተች። በግሪኮቹ የሔርሜስ መዝሙርም ሕፃኑ አምላክ ከደጃፍ ያገኛትን ኤሊ ከውጭ ይልቅ ቤት እንደሚሻላት እያባበለ ወደ ውስጥ ያስገባትና፣ አንጀቷን አውጥቶ ከቅርፊቷ የክራር ዘመድ የሆነ መሣሪያ ይሠራል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን መዝሙር የሙዚቃ ልደት አድርገን እናነበዋለን። እኔ ከመስቀል ወዲህ ሳነበው የሚታየኝ ደጃፉና ማባበያው ነው።

አሁን የእኔን ሳሎን ልናገር። ወለሉ ሊሾ ነው። ሊሾ ለኤሊ እንደ በረዶ ነው፤ ጥፍሯ የሚቈነጥጠው አፈር ሲያጣ እግሮቿ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፣ ከዓመታት በኋላም እንደዚያው ይጣመማሉ። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ አጠገቡ ትተኛለች፣ እኔም ፀሐይ ትሞቃለች እል ነበር። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ያስቀረዋል። ምግቧ እንጀራ፣ ዳቦና የጎመን ቅጠል ነበር፤ የእርሷ ሆድ የተሠራው ለሣር ነው። በየዓመቱ የቅርፊቷ ጉብታዎች እንደ ትንንሽ ድንኳን ወደ ላይ ሾጠጡ። እንግዶች ሲያመሰግኑት ጌጥ መሰለኝ። ክረምት ሲገባ፣ እምድብር ከሰኔ ጀምሮ በዝናብና በጉም ስትታፈን፣ ለቆላ የተፈጠረችው እንስሳ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ከረመች። ባለፈው ነሐሴ አፍንጫዋ አረፋ አወጣ። ኤሊ እንደ እኛ የምታስልበት ዲያፍራም የላትም፤ ሳንባዋ ውስጥ የገባ አክታ እዚያው ይከርማል። ስለዚህ ስትታመም ድምፅ አይሰማም፤ አንገቷን ዘርግታ አፏን ትከፍታለች፣ በቃ። ዝምታዋን ስንት ጊዜ ትዕግሥት ብዬ በግጥም እንዳወደስሁት ባሰብሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ዘመዴ ሆይ፣ እስቲ የአያታችንን ቤት አስታውስ። ክቡ ቤት፣ መካከሉ ላይ የቆመው ምሰሶ፣ በአንድ ወገን የሰው መኝታ፣ በሌላው ወገን የከብቱ ጋጣ፤ ከኋላ እንሰቱ፣ ከፊት ጀፎረው ሰፊ ሣር ሆኖ ተዘርግቶ። ያ ቤት ሲሠራ እንስሳው ከጅምሩ ታስቦ ነበር፤ ወለሉ አፈር፣ በሩ ላም የሚያሳልፍ። በተረፈ ጥግ የተጣለ እንስሳ አልነበረበትም። ዘመኑን ማወደሴ አይደለም፤ ጢሱን፣ ቍንጫውን፣ ሌሊት የላሟን ሽንት ሽታ አልረሳሁም። ደግሞም ላሟ ቦታ ያገኘችው ወተትና ለእንሰቱ ፋንድያ ስለምትሰጥ ነው። ኤሊ የምትሰጠው የለም፤ ያላት ዕዳ ብቻ ነው፣ ያውም ከ50 ዓመት በላይ ሊዘልቅ የሚችል፤ እኔ ከሞትሁም በኋላ የሚከፈል። ክርክሬም ይኸው ነው፤ ምንም የማይሰጠንን እንስሳ ከቆላው አንሥተን ያመጣነው እኛ ነንና፣ ከላሟ ያነሰ ቦታ ልንሰጠው አይገባም።

ወደ በረንዳህ አልልካትም። በረንዳህ ሁለት ሜትር ሲሚንቶ ነው፤ ልጆችህ አንድ ወር ይደሰቱባታል፣ ከዚያ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ 19 ኪሎ ይዘህ ትቀራለህ፤ ኋላም ለሌላ ታሳልፋታለህ። ወደ ዋቤ መልሳት የሚሉኝም አሉ። ልቤ ወደዚያ ያደላል፤ ነገር ግን 12 ዓመት በሰው ቤት የኖረች የታመመች ኤሊ በሽታዋን ይዛ ወደ ዱር ኤሊዎች ትቀላቀላለች፤ እርሷም ሣር ፈልጎ መብላትን አልተማረችም። ሕጉንም ላነሣው ይገባል። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን አይፈቅድም። ሹፌሩም እኔም ጥፋተኞች ነን። እነሆ በአደባባይ ተናገርሁ፤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ሊወስዷት ቢመጡ እሰጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከቆላ ትንሽ ኤሊ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ቢኖር ግን ደጄን እዘጋበታለሁ፤ የልጅ ስጦታ ነው ቢለኝም።

እስከዚያው ክረምት አይጠብቅም። ከቤቱ በስተ ምሥራቅ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚያርፍበት ጎን፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የጭቃ ቤት እያሠራሁ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ አፈር፣ በላዩ ገለባ፣ ጣራው ሣር ክዳን፤ ለብርዳማ ሌሊት ጥግ ላይ አምፖል የሚሰቀልበት ሽቦ አለው፣ መብራት እስካለ ድረስ። በሩ የሚከፈተው ሰርዶ ወዳለበት ግቢ ነው፤ እናቴ የጓሮዋን ግማሽ ለቀቀችልኝ፣ እየነጫነጨች ቢሆንም። አናጢው የበሩን መቃን ሲለካ ኤሊዋን አይቶ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል አለኝ። 80 አድርገው አልሁት። «ለማን ነው ይኸ ሁሉ?» አለና እንደ ገና አያት። እርሷ ከሊሾው ደፍ ላይ የፊት እግሯን ወደ አፈሩ አውርዳ፣ የኋላው ገና እየተንሸራተተ፣ ወደ ውጭ ትገፋ ነበር። ሰውየው ሜትሩን ጠቀለለና 80 ብሎ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፈ።