አቃቂ፦ የወንዙ ግርጌ የሚሸከመው ዕዳ

ስለ አቃቂ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን መልክ ይይዛል፤ ወይ የፋብሪካ ታሪክ ነው፣ ወይ የብክለት ጥናት። ሁለቱን አስተሳስሮ የሚያስረዳው ግን የቦታው አቀማመጥ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜኑ ከፍታ ተነሥተው፣ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አቃቂ የዚህ ተፋሰስ ግርጌ ነው።

ኢንዱስትሪን ወደ ስፍራው የጠራውም ይኸው አቀማመጥ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አለፈ። ሜዳማ መሬት፣ ውኃና ሐዲድ በአንድ ቦታ ተገኙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአባ ሳሙኤል ግድብ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ፤ ቆይቶም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ። በዙሪያቸው በፈረቃ የሚኖር የሠራተኛ ሰፈር አደገ። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ኢንዱስትሪዎች በመንግሥት ሲወረሱ ባለቤትነቱ ተለወጠ፤ ፍሳሽን ወደ ወንዝ የመልቀቅ ልማድ ግን አልተለወጠም።

ከዚህ ተነሥቶ አቃቂን የብክለት ምንጭ አድርጎ ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው። የአካባቢው ፋብሪካዎች ድርሻ አይካድም። ይሁን እንጂ ውኃው አቃቂ የሚደርሰው የላይኛውን ከተማ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ደረቅ ቆሻሻና በትንሹ አቃቂ ዳር የተተከሉ የቆዳ ፋብሪካዎችን ክሮሚየም ተሸክሞ ነው። አቃቂ የራሱን ብቻ ሳይሆን የመላዋን ከተማ ዕዳ ይከፍላል።

ጉዳዩ በወንዙ አትክልት በሚያለሙ ገበሬዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በጎመኑና በሰላጣው ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ያሳዩ ጥናቶች መስኖው እንዲታገድ ለሚጠይቁ ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ ሆነዋል። የበላተኛው ጤና መጠበቅ እንዳለበት አያከራክርም። ነገር ግን እገዳው ብቻውን ቢፈጸም የሚቀጣው ውኃውን ያቆሸሸው ሳይሆን በቆሸሸው ውኃ የሚተዳደረው ነው፤ ፍሳሹም እንደ ወትሮው ወደ አባ ሳሙኤል መውረዱን ይቀጥላል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር የወንዝ ዳርቻ ልማት ለወንዞቹ ትኩረት ማስገኘቱ መልካም ነው። ሆኖም የዳርቻ ውበት የውኃ ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። የሥራው ስኬት መለካት ያለበት በላይኛው ከተማ መናፈሻዎች ሳይሆን አቃቂ ላይ በሚደርሰው ውኃ ጥራት ነው። ይህም እያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሹን በምንጩ እንዲያጣራ፣ የምርመራው ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ገበሬዎቹም ንጹሕ የመስኖ ውኃ እስኪያገኙ በጥሬ ወደማይበሉና ለምግብ ወደማይውሉ ተክሎች እንዲሸጋገሩ መደገፍን ይጠይቃል። ከላይ ሳይጠራ ከታች የሚጠራ ወንዝ የለም።