ዋንጫ አንሥቶ ከተማ የሚለቅ ክለብ

እ.ኤ.አ. በ2015 ኤድመንተን ረሽ የናሽናል ላክሮስ ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤድመንተንን ለቆ ወደ ሳስካቱን ተዛወረ። የኒው ዮርክ ግዛቱ ኦልባኒ ፋየርዎልቭስ በ2024 ለፍጻሜ ደርሶ በቡፋሎ ተሸነፈ፤ ከ2025–26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ግን መቀመጫው በካናዳ ኦሻዋ ሆኗል። ክለብ ከተማ የሚለቀው ውጤት ሲከዳው ነው የሚለው የተለመደ ግምት በዚህ የቤት ውስጥ ላክሮስ ሊግ አይሠራም። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት፣ ክለቡ በሚጫወትበት አዳራሽ ላይ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ነው።

ጫፉ ላይ መረብ በተበጀለት በትር ኳስ የሚቀለብበት ላክሮስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቅርስ ነው። ወደ አዳራሽ የገባው በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ባዶ የሚቀሩትን የካናዳ የሆኪ ሜዳዎች ሥራ ለማስያዝ ነበር። ሒሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የቡፋሎ፣ የኮሎራዶና የካልጋሪ የላክሮስ ክለቦች ከየከተማቸው የሆኪ ክለብ ጋር አንድ ባለቤት አላቸው። ትኬት ሻጩም፣ የማስታወቂያ ሠራተኛውም አስቀድመው ተቀጥረዋል፤ ሆኪ በሌለበት ቅዳሜ ምሽት አንድ ጨዋታ መጨመር የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው። ተከራይ ክለብ ግን ኪራይ ይከፍላል፣ የጨዋታ ቀን ይለምናል፣ ከትኬት ውጭ ያለውን ገቢም ብዙውን ጊዜ ለአከራዩ ይተዋል።

ኦልባኒ ክለብ ስታጣ ይህ ሁለተኛዋ ነው። የቀድሞው ኦልባኒ አታክ ከ2003 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ሳን ሆዜ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ግዛቷ ኤቨረት፣ ቀጥሎም ወደ ካናዳዋ ላንግሊ። ጉዞው የቆመው በ2018 የቫንኩቨር ሆኪ ክለብ ባለቤቶች ገዝተው ወደ ራሳቸው አዳራሽ ሲያስገቡት ነው።

መዛወር እንዲህ የቀለለው በሌላም ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ አላቸው፤ ለጨዋታ በአውሮፕላን መጥተው ይመለሳሉ። ክለቡ ሲሄድ ቤት የሚቀይር ሰው ጥቂት ነው። ኪሳራው በከተማው ይቀራል፤ የዘመን ትኬት የገዛው ቤተሰብና በትር የጨበጠው ልጅ ይሸከሙታል።

እርግጥ ነው፣ ሳስካቱን ተጠቅማለች። ትልቅ የሆኪ ክለብ በሌለባት ከተማ ረሽ አዳራሹን ሞላ፤ በ2016ና በ2018 ዋንጫውን ወሰደ። መዛወርን ጨርሶ መከልከል ስለዚህ ስሕተት ይሆናል።

አጠያያቂው መስፋፋቱ ነው። በ2018 ዘጠኝ የነበሩት ክለቦች በ2022–23 15 ደረሱ። በ2024 የፎርት ዎርዙ ፓንተር ሲቲ ተዘጋ፤ ኒው ዮርክ ሪፕታይድ ወደ ኦታዋ ተዛወረ። አዲስ ገቢ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለነባሮቹ ባለቤቶች የዛሬ ጥቅም ነው፤ ክለቡ ከአምስት ዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩ በዚያ ገንዘብ ላይ ለውጥ አያመጣም። ከመግቢያው ገንዘብ ከፊሉ ከአዳራሹ የኪራይ ውል ዘመን ጋር ተሳስሮ በመያዣነት ቢቀመጥ፣ ክለቡ ቀድሞ ከሄደም ለትኬት ገዢዎችና ለከተማው የታዳጊዎች ስፖርት ቢውል፣ የመስፋፋቱ ዋጋ በትክክል ይታይ ነበር። ባለቤቶቹ ይህን በፈቃዳቸው ይቀበላሉ ማለት ግን ያስቸግራል፤ ደንቡን የሚያጸድቁት እነሱው ናቸውና።