የትኛው ነቀርሳ?

በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ጽሑፎች ውስጥ አንድ ቃል ቢፋቅልኝ ደስ ይለኛል፤ «ነቀርሳ» የሚለው። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብቻውን ሁለት በሽታ ስለተሸከመ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «የጡት ነቀርሳ»፣ «የማህፀን ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ካንሰር። ታዲያ ካንሰሩ ሳንባ ላይ የወጣበትን ሰው በሽታ ምን ብለን ልንጠራው ነው?

እኔ በቲቢ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሰዎች እየመጡ ክኒናቸውን ፊቴ ይውጣሉ፣ ካርዳቸው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ይሄዳሉ። አንዲት እናት የአክታ ምርመራቸው ውጤት «የሳንባ ነቀርሳ» ነው ተብለው ወደ እኔ ተላኩ። ገና እንደተቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው «እህቴን የጨረሳት ነው» አሉኝ። እህታቸው የሞቱት በጡት ካንሰር ነበር። «እማማ፣ የእርስዎ ቲቢ ነው፤ ስድስት ወር መድኃኒት ይወሰዳል፣ ይዳናል፣ ክፍያም የለውም» ብላቸው «ልጄ፣ አታባብይኝ» አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል? በዚያ ስም የወጣ ሬሳ ሸኝተዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። የሳንባ ካንሰር ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ቤተሰቦቻቸው ሲኒያቸውን ለይተው፣ ሳህናቸውን ለይተው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ከጎናቸው አርቀው አገኘኋቸው። «ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል» ተብለዋል። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ እውነት ነው፤ ካንሰር ግን ከአባት ጋር ቡና በመጠጣት ለማንም ተላልፎ አያውቅም። በሌላ በኩል ቲቢን ካንሰር ነው ሲባል የሰማ ቤተሰብ፣ አብረው የሚያድሩትን ሕፃናት ለምርመራ ማምጣት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም።

ስሞቹ በመጡበት አገርም ነገሩ የተጀመረው ከእብጠት ነው። የጥንት ግሪኮች አንዱን ዕጢ አይተው በዙሪያው የተዘረጉት ሥሮች የሸርጣን እግር ስለመሰሏቸው በቋንቋቸው ሸርጣን አሉት። ሮማውያን ያንኑ ወደ ላቲን ሲመልሱት «ካንሰር» ሆነ። «ቲዩበርክሎሲስ» የሚለው ቃልም መሠረቱ ላቲን ነው፤ ትንሽ እብጠት ማለት ነው፤ የሞቱ ሰዎች ሳንባ ሲከፈት ከታዩት ጥቃቅን ጉብታዎች የመጣ። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የቲቢን ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ ሲናገር የሁለተኛው በሽታ መነሻ ተለየ፤ በየዓመቱ መጋቢት 15 የቲቢ ቀን የሚከበረውም ለዚያ ነው። ሁለቱንም ያዩዋቸው እንደ እብጠት ነው፣ ግን ሁለት ስም ነበራቸው። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ሲለይ ስሙ ሳይለይ ቀረ።

የባዕድ ቃል አምላኪ አይደለሁም። «ማላሪያ» በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው፤ ከረግረግ የሚነሳው ሽታ ያሳምማል ብለው ነው የሰየሙት። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ህንድ ውስጥ ተህዋሱን ከትንኝ ሆድ ካገኘው በኋላም የተሳሳተው ስም እንዳለ አለ። የእኛ «ወባ» እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። «ትክትክ»ን ደግሞ እዩት፤ ሳሉ ራሱ ነው ስሙን ያወጣው። «ጆሮ ደግፍ» የሚያብጠው የት እንደሆነ ይናገራል። «የሚጥል በሽታ» የሚታየውን ብቻ ተናግሮ ያቆማል፤ የግሪኩ ስም ግን በሽተኛውን አንዳች ነገር «ይይዘዋል» ነው የሚለው። አያቶቻችን ዓይናቸው ያየውን ሲሰይሙ ማንም አይደርስባቸውም። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ምክንያቱንም ላስረዳ ሲል ነው።

«ደም ብዛት» እንዲህ ያለ ስም ነው። ግፊት ያለበት ሰው ደም አልበዛበትም፤ ከልክ ያለፈው ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። አንድ ሹፌር የታዘዘለትን ክኒን ትቶ ዋግምት ታግሞ መጣ። ሸሚዙን ገልጦ ጀርባው ላይ የቀሩትን ክብ ክብ ምልክቶች እያሳየኝ «የበዛውን አስወጣሁት» አለኝ፣ እንደ መኩራት ብሎ። ክንዱን አስረን ስንለካው 180 በ110። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። በዛ ተባለ፣ ቀነሰ። ከተነገረው ስም ተነስቶ ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ካለ ያሳዩኝ።

ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ለእርግዝና ክትትል የመጣች ወጣት የተሰጣትን የብረት ክኒን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ደም ብዛት አለብሽ እየተባልኩ ደም የሚጨምር እንዴት እውጣለሁ?» ካርዷ ላይ ሁለቱም አሉ፤ «ደም ብዛት» ከላይ፣ «ደም ማነስ» ከታች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉት ይህ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሐኪሞቹ ተምታቶባቸዋል ቢል አልቀየመውም። («ደም ማነስ»፣ በነገራችን ላይ፣ «ደም አልባ» ከሚለው የግሪክ ስሙ የተሻለ ነው።) «ደም ግፊት» የሚል ትክክለኛ ቃል በእጃችን እያለ «ብዛት»ን ከአፋችን ማውጣት ያቃተን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የሕፃናቱን «የሳንባ ምች»ም ሳላነሳው አላልፍም። ምች ለእናቶች ፀሐይ የሚያመጣው፣ በዳማከሴ የሚታሽ ነገር ነው። ደረቱ እየሰረጎደ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ይዛ ለመጣች እናት «ምች ነው» ብሎ መናገር፣ «ቤትሽ ሂጂና እሺው» ከማለት በምን ይለያል?

ቃል ይጎዳል ሲባል ማጋነን የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 አዳዲስ በሽታዎች በአገር፣ በሰው ወይም በእንስሳ ስም እንዳይሰየሙ መመሪያ ያወጣው ስም ሰውን ስለሚጎዳ ነው። እኛም ብንሆን በክፍላችን የምናደርገው ጥንቃቄ አለ። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ስለሚያደርግ፣ የመጀመሪያውን ክኒን ከመስጠታችን በፊት እንናገራለን፤ ካልተናገርን ደም ነው ብሎ የሚያቋርጥ አለ። ለሽንት ቀለም ይህን ያህል የተጨነቅን ሰዎች፣ ኑዛዜ የሚያስጽፍ ስም እንዴት በዝምታ እንለጥፋለን?

«ሕዝቡ ለምዶታል፣ ቲቢ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ነው» የሚል መልስ ይሰጠኛል። ኤችአይቪም የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ከአያት እስከ ልጅ ሳይተረጎም ገብቶናል። ቲቢ እንዲያውም አጭር ነው። እርግጥ «ቲቪ» የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ይበሉት። ሳንባዬ ውስጥ ቴሌቪዥን ገባ ብሎ የንስሐ አባቱን የሚያስጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።