እንቦጩን ነቅለን ደንገሉን ማን ይጠብቅልን?

ስለ ጣና ሐይቅ እንቦጭ ያልተናገረ ከመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ፣ ገበሬው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሏል፤ ወጣቱም ከየአካባቢው እየመጣ አግዟል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የሐይቁ ዳር የጥንት ባለቤት ደንገል ነው፤ ስለ እርሱ መመናመን ግን ማን ተነሣ?

ደንገል ከሰው ቁመት እጥፍ ድረስ የሚያድግ፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን ያለው የረግረግ ተክል ነው። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ በክረምት ከደጋው ታጥቦ የሚወርደውን ደለል ይይዛል፤ ውኃውንም ያጣራል። ዓሣ በሥሩ ይጠለላል፤ ወፍ በላዩ ይሰፍራል። የጣና ታንኳም የሚሠራው ከእርሱ ነው። በ1961 ዓ.ም. የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ባዕድ ውቅያኖስ ሊሻገርበት የመረጠውን እኛ ከደጃችን እያለ ችላ አልነው።

የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ ዳሩ ይታረሳል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ከተማውም ወደ ረግረጉ ይገፋል። «ታዲያ ገበሬው ምን ይብላ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬት ለጠበበው ሰው ስለ ተክል ብንሰብክለት አይሰማንም፤ አይፈረድበትምም። ነገር ግን ደንገል ከሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ ተቆርጦ መልሶ ይበቅላል፤ በተራ ቢታጨድ ጥቅሙ አይቋረጥም። ዳሩ ከተራቆተ ግን ደለሉን የሚያግድ አይኖርም፤ ጉዳቱም ዞሮ በዓሣ አስጋሪውና በዚያው በገበሬው ላይ ይወድቃል።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። መመዝገቡ ግን ብቻውን ዳሩን አያጥረውም። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪዎች በየዓመቱ የቀረውን ደንገል ዳር ለዳር ዞረው ይለኩ፤ በካርታም አስፍረው ለከተማው ሕዝብ ያሳዩ። መምህራኖቻችንም ይህን ድካም ከትምህርቱ ነጥብ ይቁጠሩልን። ሁለተኛ፣ ደንገሉን አጭደው ታንኳ ሲሠሩ የኖሩትን፣ ኅብረተሰባችን ግን ሲያገላቸው የቆየውን የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች እንደ መምህር እንጥራቸው። ደንገሉ የት እንደ ነበረና መቼ እንደ ጠፋ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረን የለም።

የሚቀጥለው የእንቦጭ ዘመቻ ሲጠራ እንወጣለን። ያን ጊዜ ግን በአንድ እጃችን አረሙን ስንነቅል፣ የቀረውን ደንገል የምንመዘግብበት ደብተር በሌላው እጃችን ይኑር።