ዕርቁ ከመዝገቡ በኋላ፦ ፖሊስና ሽምግልና በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ታሪካቸውን ከለንደን ይጀምራሉ። በቅድሚያ በ1829 እ.ኤ.አ. ሮበርት ፒል ያቋቋሙት የከተማ ፖሊስ ይጠቀሳል፤ የጃፓን የሰፈር ፖሊስ ጣቢያዎች ይከተላሉ፤ ኢትዮጵያ በመጨረሻ የሌላውን ልምድ ተቀባይ ሆና ትመጣለች። ይህ ቅደም ተከተል ለደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አይስማማም። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በሳይንት ነዋሪው ወንጀልን የሚያጣራበትና ደም የሚያደርቅበት ሥርዓት የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ከመታየቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነበረ። ስለዚህ ጥያቄው ማኅበረሰቡን በጸጥታ ጉዳይ እንዴት እናሳትፍ የሚል ሊሆን አይችልም፤ ማኅበረሰቡ ቀድሞውንም ተሳታፊ ነውና። መጠየቅ ያለበት ፖሊስ በዚህ ነባር ሥርዓት ውስጥ ድርሻው ምን እንደሆነ ነው።

በጥንቱ አውጫጭኝ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይገደዳል። የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ጉዳቱን መንደሩ በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ሥርዓቱን ማሞካሸት አይገባም፤ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር አንድ ላይ ያስጨንቅ ነበር። ሆኖም በመሠረቱ አንድ ትክክለኛ ግንዛቤ ይዟል፦ በገጠር ወንጀል ሲፈጸም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚናገር ነው።

ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጠ። በአማራ ክልል የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አሠራር ሲዘረጋ ባለሙያው እስከ ቀበሌ ድረስ እንዲመደብ የተደረገው ፖሊስን ከወረዳ ከተማ አውጥቶ ወደ ነዋሪው ለማቅረብ ነበር። በመካነ ሰላም ዙሪያ የዚህ ውሳኔ ትርጉም መልክዓ ምድሩን ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቁት ቀበሌዎች የሚኖር ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ከተማ የሚወጣው ገደል ለገደል በእግሩ ነው፤ ምስክሮቹን ይዞ ሲመጣ ድካሙ ይበዛል። በዚህ አገር ቅርብ የሆነው ሽማግሌው ነው። በቀበሌው የሚገኘው አንድ የፖሊስ ባለሙያም፣ መኪናና ረዳት ስለሌለው፣ ሥራውን የሚሠራው በሽማግሌዎችና በሚሊሻዎች ትብብር ነው።

የሽምግልናው ጥቅም ሊካድ አይገባም። ወሎ ቄሱና ሼኩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነገር የሚያበርዱበት፣ በአንዳንድ አካባቢም አበጋር የሚባሉ የተከበሩ አስታራቂዎች በዱዓና በምርቃት ደም የሚያደርቁበት አገር ነው። ሰው ሲሞት ገዳይ ከአካባቢው ይርቃል፤ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው የሟችን ወገን ጊዜ ይለምናሉ፤ ዋስ ይጠራል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ፍርድ ቤት ገዳይን ለብዙ ዓመታት ማሰር ይችላል፤ የሟች ወንድም የገዳይን ወንድም በገበያ መንገድ ላይ እንዳይጠብቅ ማድረግ ግን አይችልም። ያንን የሚችለው ዕርቁ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዕርቁ መዝገቡን ሲቀድም ነው። አንድ ገበሬ በሬው ተሰርቆበት ወደ ቀበሌው ፖሊስ መጣ እንበል። የተጠርጣሪው ዘመዶች በዚያው ቀን ሽማግሌ ይልካሉ። ባለሙያውም ነገሩ በስምምነት እንዲያልቅ ይመክራል፤ ይህን የሚያደርገው ዘወትር ከክፋት ወይም ከጉቦ አይደለም፤ ሰላም መፍጠር ሥራው እንደሆነ በቅንነት ያምናል። የተጻፈ ነገር የለም። ካሳው ከተከፈለ መልካም ነው። ካልተከፈለ፣ ወይም ያው ሰው ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ቀበሌ ሌላ በሬ ከነዳ፣ ፖሊስ ዘንድ የመጀመሪያውን ድርጊት የሚያስረዳ አንዲት መስመር አይገኝም። ለሕጉ ሰውየው ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጊዜ ተጠርጣሪ ነው።

በከባድ ወንጀል ውጤቱ የባሰ ነው። ከታረቁ በኋላ ለዐቃቤ ሕግ መመስከር ዕርቅ ማፍረስ ተደርጎ ይቆጠራል። ምስክር ይጠፋል፤ ከቀረበም «አላየሁም» ይላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በዛቻ የሚፈራን ምስክር በማሰብ የተዘጋጀ እንጂ ለሽማግሌ ቃሉን የሰጠ ምስክርን የሚመለከት አይደለም።

ሕጉ ግን ይህን አሠራር አላዘዘም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 14 ክስ ወይም አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአቅራቢው እንዲነበብና እንዲፈረምበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 22 ደግሞ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር ምርመራ መጀመር ግዴታው ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ጥፋቶች እንዳሉ እሙን ነው፤ በእነርሱ ተበዳዩ አቤቱታውን ሊተው ይችላል። ስርቆት፣ ከባድ የአካል ጉዳትና ግድያ ግን ከእነዚህ ወገን አይደሉም።

መዝገብ አለመኖሩ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሴቶችን ነው። ሽማግሌዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ በዛፍ ሥር ሲታይ የሚጠየቀው አባት፣ ካሳ የሚቀበለውም አባት ወይም ወንድም ነው፤ እርሷ ምናልባት እዚያ አልተገኘችም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባና ጋብቻው ጸንቶ ከቆየ ክስ እንዳይቀርብበት መንገድ ይከፍት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህንን በር ዘጋ፤ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ነገር ግን ፖሊስ ሳይጽፍ ወደ ሽማግሌ የሚመልሰው እያንዳንዱ የጠለፋ አቤቱታ የተሻረውን ሕግ በቀበሌው ውስጥ መልሶ ያጸናዋል። ይህ አሠራር «ባህልን ማክበር» ተብሎ መጠራቱ አግባብ አይደለም።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። ፖሊስ መጀመሪያ ይጻፍ፤ ሽማግሌ ቀጥሎ ይቀመጥ። አቤቱታው፣ ቀኑ፣ የምስክሮች ቃል፣ ጉዳት ካለም የጤና ተቋም ማስረጃ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ዕርቅና የካሳው መጠን በዚያው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ተበዳይዋ ሴት ከሆነች ቃሏን ራሷ ትስጥ። ለዕርቁ ዋጋ የሚሰጥ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 በደለኛው ከልብ መጸጸቱንና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የሽማግሌዎቹ ድካም በፍርድ ቤት የሚታወቅበት በር ይህ ነው፤ በዚያ ለመግባት ግን በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ ከባህል ወገን የሚመጣው አይደለም። መዝገብ ራሱ ያስፈራል። ሊዛ ዴኒና ደምላሽ ካሳዬ በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ክልል ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባሳተሙት ጥናት አገልግሎቱን ለነዋሪው ያቀረበው መዋቅር የመንግሥትንም ዓይን ወደ ነዋሪው ደጅ እንደሚያቀርብ አመልክተዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ክልሉ ባሳለፈው የትጥቅ ግጭት ውስጥ ደግሞ ስም የተጻፈበት ደብተር በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኗል። የምስክሮች ስም ዝርዝር ከጣቢያ ቢዘረፍ ወይም ለሌላ ዓላማ ቢውል የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። ነዋሪው ፖሊስን እንደ ተዋጊ ወገን ማየት ከጀመረ ደግሞ አቤቱታ ይዞ አይመጣም፤ ሽማግሌውም ጉዳዩን ይበልጥ ይሰውረዋል።

ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። የሚያስከትለው መደምደሚያ ግን አለመጻፍ ሳይሆን ጠበብ አድርጎ መጻፍ ነው። የአቤቱታ መዝገብ ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ሰው አመለካከት፣ ስለ እንግዳው ወይም ስለ ዘመዱ አይጠይቅም፤ ባለሙያው በጸጥታ ስብሰባ ላይ ከሚያቀርበው ሪፖርት ጋርም መቀላቀል የለበትም። የምስክሮች ቃል በቀበሌ ሳይቀመጥ በታሸገ ፖስታ ለዐቃቤ ሕግ ቢላክ አደጋው ይቀንሳል። ግጭት በበረታበትና መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ይህም ላይቻል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ብቻውን የቀረ ዳኛ ነው፤ ሊወቀስም አይገባም።

ከሁሉ የሚቀለው እርምጃ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፦ አቤቱታ አቅራቢው የአቤቱታውን ቅጂ ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ። የቀበሌው ባለሙያ ይዛወራል፣ ጣቢያው ይዘጋል፣ ደብተሩ ይጠፋል። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት በሣጥኑ ካለው፣ ካሳው በተቀጠረለት ቀን ካልመጣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ መካነ ሰላም ሲወጣ ከዜሮ አይጀምርም፤ የጠላፊው ሽማግሌዎች በሩ ላይ የቆሙበት አባትም ጉዳዩ ከእርሱ እጅ እንደወጣ የሚያሳያቸው ነገር ይኖረዋል።