መኪናው ይደምራል፤ ሰው ይመረምራል

ትምህርት ብርሃን መሆኑን ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ብርሃን የያዘ ሰው እግሩ የሚያርፍበትን ካላየ ከመሰናከል አይድንም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ለንግድ ሥራ አስተዳደርና ለሒሳብ አያያዝ ስለሚያስፈልገው የኮምፒዩተር ትምህርት ያለኝን አስተያየት ለክቡራን መምህራን፥ ለተከበሩ ወላጆችና ለውድ ጓደኞቼ ለመግለጽ እወዳለሁ። ከእኛ ብዙዎቹ ከዚህ ትምህርት ቤት ሲወጡ ወይ ኮሌጅ ገብተው ይህንኑ ሙያ ይማራሉ፥ ወይም በሱቅ፥ በመሥሪያ ቤትና በማኅበር መዝገብ ይይዛሉ። ስለ ሆነም ነገሩ የሁላችንም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ የዓመቱን ሒሳብ በኮምፒዩተር እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እኔም በትምህርቱ እተማመን ነበርና በደስታ ተቀበልሁ። የዕድሩ አባላት 120 ናቸው፤ እያንዳንዱም በወር 100 ብር ያዋጣል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ የገባው 144,000 ብር ነበር። ገንዘብ ያዡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ብዙ ዓመት በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፉ ኖረዋል። እኔ ደብተራቸውን ተቀብዬ ገቢውንና ወጪውን በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ገለበጥሁት። ኮምፒዩተሩም ወጪውን ደምሮ 105,400 ብር አለ፤ ስለዚህ ሊኖር የሚገባው ተራፊ 38,600 ብር ሆነ። በባንክና በእጅ የተገኘው ግን 22,600 ብር ብቻ ነበር። 16,000 ብር ጎደለ ማለት ነው።

ይህ በስብሰባው ላይ ሲነበብ አባባን ማንም ሌባ አላላቸውም። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን ከስድብ ይከፋ ነበር። ከወደ ኋላ «ኮምፒዩተር አይዋሽም» የሚል ድምፅ ተሰማ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ እንደዚያው አስቤ ነበር። አባባ አንድ ቃል ሳይናገሩ ደብተራቸውን በጋቢያቸው ሥር አድርገው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ቋጥረው ወደ ቤታችን መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው ወጪውን አንድ በአንድ እየጠሩ ያስተያዩኝ ዠመር። ጥቂት እንደ ቆየንም በጣታቸው እያመለከቱ «ልጄ፥ ሌሎቹ ሁሉ በቀኝ ተሰልፈው እነዚህ ሁለቱ ለምን ወደ ግራ ተጠጉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለቱም ሐዘን ለደረሰባቸው ቤተ ሰቦች የተሰጡ 8,000 ብሮች ነበሩ። እኔ በችኮላ ቁጥሩን ብቻ በመጻፍ ፈንታ «8,000 ብር» ብዬ ከነቃሉ ጽፌያቸዋለሁ። ኤክሴል እንዲህ ፊደል የተቀላቀለበትን ነገር እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አያየውም፤ ደምር ሲባል ምንም ሳያስጠነቅቅ ዘሎት ያልፋል። ቃሉን ብሰርዘው ወጪው 121,400 ብር፥ ተራፊውም 22,600 ብር ሆነ። አባባ አንዲት ሳንቲም አላጎደሉም።

በሚከተለው እሑድ በዕድሩ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም ይቅር አሉኝ፤ ነገር ግን ገንዘብ ያዥነቱን ለቀቁ። «ደክሞኛል» ነው ያሉት። ድካማቸው ከየት እንደ መጣ ግን እኔ አውቃለሁ።

ይህ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ለቅርንጫፎቹ አዳርሶ ነበር። ፕሮግራሙ እየተሳሳተ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ሲል፥ ከሣሾችና ዳኞች ሰውን ትተው መኪናውን አመኑ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 የሚበልጡ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም፥ ቤታቸውን ያጡም አሉ። በ2019 ፍርድ ቤት የፕሮግራሙን ጉድለት አረጋገጠ፤ የብዙዎቹ ፍርድ በሕግ የተሰረዘው ግን በ2024 ነው። «ኮምፒዩተር አይዋሽም» ማለት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ምን እንማር? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉናል።

አንደኛ፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሒሳብን መሠረት አብረን እንማር። ሉካ ፓቺዮሊ የሚባለው የኢጣልያ መነኩሴ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የድርብ አመዘጋገብ ሥርዓት እስከ ዛሬ የሙያው አጥንት ነው። እያንዳንዱ ገንዘብ ከየት እንደ ወጣና ወዴት እንደ ገባ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ዴቢቱና ክሬዲቱም እኩል መሆን አለባቸው። እኔ ያን ጊዜ በዚህ ሥርዓት ጽፌ ቢሆን ኖሮ፥ በአንዱ ጎን ስሳሳት ሌላው ጎን በመሰከረብኝና አባባም ባልተሸማቀቁ ነበር።

ሁለተኛ፥ መኪናው የተሠራው ለሌላ አገር ልማድ መሆኑን እንወቅ። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይዠምራል፤ ወራችን 13 ነው። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን በቁጥር 30/2/2017 ብለን ብንጽፍለት፥ በፈረንጅ የካቲት 30ኛ ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን ትቶ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ 29/2/2017ንም እንዲሁ። ጥቅምት 28ን ግን ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተደረገ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል አሰልፍልኝ ስንለው አንዱን ወር ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን ሳያውቅ የደመወዝ ወይም የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ሰው ዕዳ የከፈለውን አልከፈለም ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፥ ደረሰኝን መጠበቅ እንልመድ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ፍላሽም ይበላሻል። አባባን ያዳናቸው የፌስታሉ ወረቀት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዛሬ ስልኩም፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ሁሉን ይሠራልና ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላሉ። እኔ ግን እጠይቃቸዋለሁ፤ በሒሳቡ መጨረሻ የሚፈርመው ማን ነው? መኪና ጠፋ ተብሎ አይከሰስም፥ በስብሰባም አያፍርም። ደግሞ አንዳንድ ወላጆች ኮምፒዩተሩን ፈርተው «የደብተሩ ይበቃል» ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የተባለው የመዠመሪያው የግል ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ሐሳቡ የፈለቀው ከዳን ብሪክሊን ነው፤ እርሱም ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ሲለወጥ የቀረው ሁሉ እንደ ገና መሰላት እንዳለበት አይቶ ነው ያሰበው። እንዲህ ያለውን ድካም የሚያቀልል መሣሪያ መናቅ የዋህነት ነው። የሚያስፈልገው መፍራትም ማምለክም ሳይሆን መመርመር ነው።

ለክቡራን መምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። በፈተናችን የኮምፒዩተርን ክፍሎች ስም፥ የራምንና የሮምን ልዩነት በቃላችን አጥንተን እንጽፋለን። በዚያ ፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ 16,000 ብር ጎደለ ያሰኘሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የአንዲት ትንሽ ሱቅን የአንድ ወር ሒሳብ በመዠመሪያ በእጁ፥ ቀጥሎ በኮምፒዩተር እንዲይዝ፥ ሁለቱንም እንዲያስተያይ ቢደረግ መልካም ነው። ከዚያም ጓደኛው ሆን ብሎ አንድ ስሕተት ያስገባበትና ፈልጎ ያግኘው። የኮምፒዩተሮቻችን ቁጥር ጥቂት ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የሥራው ግማሽ የሚፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው፤ መብራትም አይጠይቅም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ በችኮላ ታጥቄ በሰው ፊት ተፈታብኝ፤ ይልቁንም የተፈታው የራሴ ሳይሆን የአንድ ታማኝ ሽማግሌ ክብር ነበር። ውድ ጓደኞቼ፥ ነገ የሰው ገንዘብና የሰው ስም በእጃችን ይገባል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ አንድ ድምር ሲሰጠን፥ ከማመናችን በፊት «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች እንድንሆን እመኛለሁ።