ከሰማይ ስለሚወርዱ ድንጋዮችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

የሰው ልጅ ከሚሰበስበው ነገር ሁሉ ከሰማይ እንደ ወረደ ድንጋይ ያለ እንግዳ ነገር አይገኝም። ወርቅና ብር የሚሰበስብ ሰው ሀብትን ይሻል፤ የብራና መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የአባቶችን ጥበብ ይሻል፤ ይህን ድንጋይ የሚሰበስብ ሰው ግን መልኩ ጥቁር፥ ለማያውቀውም ሰው ከወንዝ ዳር ድንጋይ የማይለይ ነገር በእጁ ይዞ ደስ ይለዋል። ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፥ ከነዚህ ድንጋዮች የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ4,500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል፤ ጥቂቶቹም ከጨረቃና ከማርስ ተሰብረው የመጡ ናቸው። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ፥ በሰሜን አፍሪካም በረሓ ብዙ ሰዎች ድንጋዮቹን ይፈልጋሉ፥ ይለዋወጣሉ፥ ይሸጣሉ፥ ይገዛሉ። ይህ ሥራ ዕውቀትን ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል? ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ይልቁንም ነገሩ በኢትዮጵያ ጎረቤቶች ደጃፍ ከደረሰ ወዲህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

ከሰማይ የወረደ ነገር የሰውን ልብ መሳቡ የዛሬ ነገር አይደለም። የኤፌሶን ሰዎች ከሰማይ ወረደ የሚሉትን ነገር ያከብሩ እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ ያስታውሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ኅዳር 7 ቀን 1492 ዓ.ም. በአልዛስ አገር በኤንሲስሃይም ከተማ አጠገብ፥ ክብደቱ 127 ኪሎ ያህል የሆነ ድንጋይ በታላቅ ድምፅ በእርሻ ላይ ወደቀ። ሕዝቡም መልካም ዕድል ያመጣልናል ብሎ እየፈለጠ ይወስደው ዠመር፤ የከተማው ሹም ግን ከለከለ። ንጉሥ ማክሲሚሊያንም በዚያው ወር ወደ ከተማው በደረሰ ጊዜ ድንጋዩ በቤተ ክርስቲያን እንዲጠበቅ አዘዘ። ሹሙ ባይከለክልና ቤተ ክርስቲያኑ ባይጠብቅ ኖሮ ዛሬ ወሬው ብቻ በቀረ ነበር። የቀረው ክፍል፥ ከ50 ኪሎ የሚበልጠው፥ አሁንም በዚያው ከተማ ቤተ መዘክር ይታያል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተጠራ ማኅበርም የድንጋዩ ጠባቂ ሆኖ ይኖራል። በየዓመቱም በሰኔ ወር ከብዙ አገር የመጡ ሰብሳቢዎች በዚያች ከተማ ተሰብስበው ያላቸውን ያሳያሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይማማራሉ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ በነበረው ዘመን የተማሩት ሰዎች ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል የሚለውን ቃል የባላገር ተረት አድርገው ይንቁት ነበር። ጀርመናዊው ክላድኒ በ1794 ዓ.ም. ነገሩ እውነት ነው ብሎ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ብዙዎች አላመኑትም። በ1803 ዓ.ም. ግን በፈረንሳይ አገር በሌግል ከተማ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች በአንድ ቀን ወረዱ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም ባዮ የሚባለውን ሊቅ ልኮ አስመረመረ። እርሱም በየመንደሩ እየዞረ የባላገሩን ቃል ተቀብሎ፥ ድንጋዩ የወደቀበትንም ስፍራ ለክቶ እውነቱን አስረዳ። ከዚህ ወዲህ ሊቃውንቱ የናቁትን የባላገሩን ምስክርነት ለመቀበል ተገደዱ።

በአሜሪካም ሃርቪ ናይኒንገር የሚባል መምህር ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ ከመንደር ወደ መንደር እየሄደ፥ በእርሻው ውስጥ ከባድና ጥቁር ድንጋይ ያገኘ ገበሬ እንዲያሳየው ያስተምር ነበር፤ ላመጣለትም ዋጋ ይከፍል ነበር። በዚህ አኳኋን ከሰበሰበው የሚበዛው በኋላ በለንደን ቤተ መዘክርና በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስከ ዛሬ ይመረመርበታል። እንግዲህ ሰብሳቢ ሁሉ የዕውቀት ጠላት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ሊደርስበት ከማይችለው በረሓ ደርሶ የሚያመጣ እርሱ ነውና። በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው የሊቃውንት ማኅበርም አዲስ የተገኘውን ድንጋይ ስም ሰጥቶ የሚመዘግበው፥ ከክብደቱ ከመቶ 20 እጁ ወይም 20 ግራም፥ ከሁለቱ የሚያንሰው፥ ለታወቀ የምርመራ ቤት ሲሰጥ ነው። ደግ ሰብሳቢዎች ይህን ሥርዓት አክብረው፥ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፈው ያስቀምጣሉ።

ክፉው ነገር የሚመጣው ድንጋዩ ያለ ታሪኩ፥ ያለ አገሩም ፈቃድ ሲጓዝ ነው። በሶማሊያ በኤል አሊ አጠገብ ክብደቱ 15,200 ኪሎ ያህል የሚሆን የብረት ድንጋይ ነበረ፤ የአገሩ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ያውቁታል፥ በዘፈናቸው ያነሡታል፥ ቢላዋቸውንም ይስሉበታል። በ2020 ዓ.ም. ከሰማይ የወረደ መሆኑ ታወቀ፤ 70 ግራም የምታህል ቁራጭም ወደ ካናዳ ተልካ፥ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ተገኝተው የማያውቁ ማዕድኖች በውስጧ መገኘታቸው በ2022 ዓ.ም. ተነገረ። ዋናው ድንጋይ ግን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱ ተሰማ። እንዲሁም በ2023 ዓ.ም. በኒጄር በረሓ 24.67 ኪሎ የሚመዝን፥ ከማርስ የመጣ ድንጋይ ተገኘ፤ በሐምሌ 2025 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሐራጅ 5.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ሻጮቹ ሁሉ ነገር በሥርዓት ተፈጽሟል ቢሉም፥ የኒጄር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር እንዴት እንደ ወጣ ምርመራ ለማድረግ ተገደደ። ከተሸጠ በኋላ መመርመር ግን ከብቱ ከተነዳ በኋላ በረቱን እንደ መዝጋት ነው።

ሱዳን ግን መልካም ምሳሌ ሆናለች። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ያሉ የከዋክብት ተመልካቾች አንዲት ትንሽ ዓለት ወደ ምድር ስትመጣ አይተው በማግሥቱ በኑብያ በረሓ ላይ ተሰባበረች። ከሰማይ ሳለች ታይታ በኋላም በምድር የተለቀመች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪዎች ከውጭ ከመጣ አንድ ሊቅ ጋራ በበረሓው ላይ ተሰልፈው እየሄዱ ወደ 600 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ለቀሙ፤ እያንዳንዱም የወደቀበት ስፍራ ተጻፈ። የሁሉም ክብደት ከ10 ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ሲሆን፥ በሥርዓት ስለ ተሰበሰበ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታላቅ ስም አገኘ። የድንጋይ ክብሩ በክብደቱ ሳይሆን በታሪኩ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አንዳንድ ሰዎች፦ እንዲህ ከሆነ መሰብሰቡንም መሸጡንም ጨርሶ መከልከል ይሻላል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ያገኘው ድሀ ምንም እንደማያገኝ፥ ይልቁንም እንደሚቀጣ ካወቀ፥ ድንጋዩን በሌሊት ለመንገደኛ ነጋዴ ይሸጠዋል፤ የተገኘበትም ስፍራ ከዚያ ወዲያ አይታወቅም። በዴንማርክ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በሚሠራበት ሕግ እንዲህ ያለው ድንጋይ የመንግሥት ነው፤ ያገኘው ሰው ግን አምጥቶ ሲያስረክብ ወሮታ ይከፈለዋል። ይህ ፍርድ መንግሥትንም፥ ሊቃውንትንም፥ ባላገሩንም የማይበድል ነው። የሚተርፈውን ቁራጭ ደግሞ ሰብሳቢዎች በግልጽ ቢገዙት፥ በደረሰኝም ቢወስዱት ነውር የለውም።

ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘውን የድንቅነሽን አፅም በብሔራዊ ቤተ መዘክር በማስጠበቋ ምን ያህል እንደ ተከበረች ሁሉም ያውቀዋል። ከምድር ለተገኘው የተደረገው ጥንቃቄ ከሰማይ ለሚወርደውም ሊደረግ ይገባል። እሳት የመሰለ ብርሃን በሰማይ ታይቶ ድንጋይ ወደቀ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ለአጥቢያው ሹምና ለደብሩ ካህን ነው። እነርሱም ቀኑን፥ ሰዓቱንና ስፍራውን፥ ያዩትንም ሰዎች ስም ቢጽፉ፥ ሕዝቡ እየፈለጠ ለመድኃኒት እንዳይወስደው ቢመክሩ፥ ድንጋዩንም ሳያጥቡ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢልኩ ታላቅ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ብዙ ሰው ለመፈተን ማግኔት ያስጠጋል፤ ይህ ግን በድንጋዩ ውስጥ ከጥንት የቆየውን የመግነጢስ ምልክት ስለሚደመስስ ቢቀር ይሻላል።

ድንጋዩ ለመውረድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የባለጠጋውንና የድሀውንም አገር አይለይም። ከወረደ በኋላ ግን በመዝገብ መጻፉ ወይም በነጋዴ ከረጢት መጥፋቱ በሰዎች ትጋት የሚወሰን ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ ሥርዓቱን፥ ካህናቱም ምክሩን ከወዲሁ ቢያዘጋጁ፥ ያገኘው ባላገር ዋጋውን፥ አገሪቱም ክብሯን ሳታጣ ትኖራለች።